አንዴ የሚሞቅ፣ አንዴ የሚቀዘቅዝ ትኩረት፦ በትውውቅ ጊዜ የተምታቱ ምልክቶችን እንዴት ማንበብ ይቻላል?

ሰኞ ሌሊት እስከ ሰባት ሰዓት ሲያወራ ያመሸ ሰው ማክሰኞ ለ"እንዴት አደርክ" መልስ አይሰጥም። ሐሙስ ስቶሪያችሁን ሁሉ አይቶ አንድ ቃል አይጽፍም። ቅዳሜ ለምሳ ቀጥሮ ሰዓቱ ሲደርስ "ትንሽ ነገር ገጥሞኝ ነው" ይላል። ሁለት ሳምንት ጸጥ ካለ በኋላ፣ የጠፋው እሱ ሆኖ ሳለ፣ "ጠፋሽ እኮ!" እያለ ከበፊቱ በባሰ ሙቀት ይመለሳል። ይህን የሚያደርጉ ሴቶችም ብዙ ናቸው፤ እዚህ ስለ "እሱ" የተጻፈውን ስለ "እሷም" አድርጋችሁ አንብቡት።

እንዲህ ሲሆን አብዛኞቻችን እያንዳንዱን መልእክት ለየብቻው ለመፍታት እንቀመጣለን። ልብ ያለበት ምስል ምን ማለቱ ነው? ለምን "እሺ" ብቻ አለ? ጥያቄው ሁሉ ዞሮ ዞሮ "ይወደኛል ወይስ አይወደኝም?" የሚለው ላይ ያርፋል። እሱ ደግሞ ከውጭ ሆኖ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ከዚያም በላይ፣ መልሱ ቢገኝ እንኳ ብዙ አይጠቅምም፤ ሰው ከልቡ እየወደደም አንድ ቀጠሮ ማክበር ሊያቅተው ይችላል። መውደድና ጽናት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መውደዱ አይታይም፤ ጽናቱ ግን ይታያል፣ ይቆጠራልም። ስለዚህ "ከዚህ ሰው ጋር የሚመጣውን ቅዳሜ ማቀድ እችላለሁ ወይ?" ብሎ መጀመር ይሻላል።

ያልተረጋጋ ትኩረት ለምን አጥብቆ ይይዛል?

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቢ. ኤፍ. ስኪነር በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከእርግቦችና ከአይጦች ጋር ለዓመታት ሠርቷል። ቁልፍ በነካች ቁጥር እህል የምታገኝ እርግብ እህሉ ሲቋረጥ ቶሎ ትተዋለች። እህሉ አንዳንዴ ብቻ፣ መቼ እንደሚመጣ ሳታውቅ ይሰጣት የነበረችው ግን ከተቋረጠም በኋላ ለረጅም ጊዜ መንካቷን አታቆምም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ የአንጎል ተመራማሪው ቮልፍራም ሹልትዝ የጦጣዎችን አንጎል ሲያጠና፣ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩት ሕዋሳት አጥብቀው የሚነሡት ለተጠበቀው ሽልማት ሳይሆን ድንገት ለመጣው መሆኑን አሳየ። የቤቲንግ ቤት ደንበኛ አሥር ትኬት ከስሮ አንዷ ስትሳካለት አሥራ ሁለተኛውን የሚቆርጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ከጠፋበት የተመለሰ ሰው መልእክት በየቀኑ በሰዓቱ ከሚደውለው ሰው ጥሪ ይልቅ ልብ የሚያስደነግጠውም እንዲሁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ይህን ወደ ሰው አምጥቶታል። 47 የዩኒቨርሲቲ ሴት ተማሪዎች የአንዳንድ ወንዶችን የፌስቡክ ገጽ እንዲያዩ ተደረገ። ለአንዱ ቡድን "እነዚህ ወንዶች በጣም ወደዋችኋል"፣ ለሌላው "መካከለኛ ነጥብ ሰጥተዋችኋል"፣ ለሦስተኛው ደግሞ "ከሁለቱ አንዱ ነው፤ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም" ተባለ። ወንዶቹን ከሁሉ አብልጠው የወደዷቸውና ስለ እነሱ ደጋግመው ያሰቡት የሦስተኛው ቡድን ተማሪዎች ነበሩ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ሕግ ሊወጣበት አይገባም። እንዲያውም እስራኤላዊቷ ተመራማሪ ጉሪት ቢርንባውም ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመችው ሥራ ወደ ተቃራኒው ያዘነብላል፦ ሰው ይበልጥ የሚሳበው ፍላጎቱን በግልጽ ወዳሳየው ሰው ነው። ለእኛ የሚጠቅመን ግን ሁለቱ አንድ ላይ የሚሉት ነው። ጥርጣሬ ሐሳብን ይይዛል፤ ቀኑን ሙሉ ስለ አንድ ሰው ማሰባችሁ ብቻውን የፍቅራችሁ ጥልቀት ማስረጃ አይሆንም። አለመረጋጋቱ ራሱ ያመጣው ሊሆን ይችላል።

ስልኩ የሚለውንና የማይለውን መለየት

ከሚታየው "ምልክት" ከፊሉ ከሰውየው ሳይሆን ከመተግበሪያው የሚመጣ ነው። በቴሌግራም አንድ ጭረት ማለት መልእክቱ የቴሌግራም ማዕከል ደርሷል ማለት ሲሆን ሁለት ጭረት ተነቧል ማለት ነው። በዋትስአፕ ግን ሁለት ግራጫ ጭረት ስልኩ ላይ መድረሱን ብቻ ይናገራል፤ መነበቡን የሚያሳየው ሰማያዊው ነው፣ ያንንም ተጠቃሚው ሊዘጋው ይችላል። መልእክት ሳይከፈት ከማሳወቂያው ላይ ይነበባል፤ እጅ ሳያስበው ተከፍቶ ሳይነበብም ይቀራል።

ቴሌግራም ላይ "በቅርቡ ታይቷል" የሚለው ጽሑፍ ከአሁን እስከ ሦስት ቀን ድረስ ያለውን ሁሉ ያጠቃልላል። "በቅርቡ ነበር፣ እኔን ግን ዘጋኝ" ማለት እንግዲህ አይቻልም፤ ከገባ ሁለት ቀን ተኩል ሆኖት ሊሆን ይችላል። "ከረጅም ጊዜ በፊት ታይቷል" የሚለው ከወር በላይ ለጠፋ ሰው የሚወጣ ነው፤ ብሎክ ለተደረገ ሰውም ሁልጊዜ የሚታየው ይኸው ነው። ስቶሪ ማየት ደግሞ አንድ ጣት ማንሸራተት ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀጣዩ ስቶሪ ራሱ ይከፈታል። ላይክም ሆነ ስቶሪ ማየት በየትኛውም ቆጠራ ውስጥ አታስገቡ። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ የአንድ ቀን ዝምታም እንደዚያው ነው።

ምክንያት ያለው ዝምታ

አንዳንድ መራቅ መነሻውም መድረሻውም ይታወቃል። የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ባንክና ሒሳብ ክፍል የሚሠራ ሰው በሰኔ መጨረሻ ቢጠፋ አይገርምም። በፈተና ሰሞን ተማሪ ይጠፋል። በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን ከፍቅር ቀጠሮ ራሱን የሚያቅብ ሰው አለ፤ ይህ እምነቱ እንጂ ቅዝቃዜ አይደለም፣ ግን አስቀድሞ ሊነግራችሁ ይችል ነበር።

በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል በአሜሪካ በጋ 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ልዩነት አለ። እዚያ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን እዚህ ገና ሌሊት አሥራ አንድ ወይም ንጋት አሥራ ሁለት ነው። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ከሆነ የምትገናኙበት መስኮት በቀን ከአንድ ሰዓት ላይበልጥ ይችላል። "በስምንት ሰዓት እደውላለሁ" ሲባልም በሀበሻ ነው በፈረንጅ ብላችሁ አጣሩ፤ በዚህ ብቻ የተኳረፉ ጥንዶች ጥቂት አይደሉም። በዓረብ አገሮች በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች መካከል ስልካቸውን አሠሪ የሚይዝባቸው፣ በሳምንት አንዴ ብቻ የሚያገኙት አሉ። እዚያ ያለች ሴት አምስት ቀን ዝም ብትል መጀመሪያ የሚታሰበው ደህንነቷ ነው።

በምክንያት የራቀን ሰው የሚለዩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ቀድሞ ወይም እንደተመለሰ ይናገራል፤ ወሬውን ካቆመበት ያነሣል፣ ለምሳሌ ስለ እናታችሁ ሕመም ትቶት የሄደውን ይጠይቃል፤ ምክንያቱ ሲያልቅም መራቁ ያልቃል። በሰኔ "የበጀት መዝጊያ ነው" ያለ ሰው ሐምሌ አጋማሽ ላይም ካልተገኘ ጉዳዩ በጀቱ አልነበረም።

የአራት ሳምንት መዝገብ

ስሜት ሲሞቅ የረሳነውን፣ ሲቀዘቅዝ የጨመርነውን የሚያስተካክል ነገር መጻፍ ነው። በስልካችሁ ማስታወሻ ላይ ወይም በወረቀት ለአራት ሳምንት እነዚህን ብቻ መዝግቡ፦ ወሬውን ማን ጀመረ፤ የተባለው ቀጠሮ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ነበረው ወይ፤ ተፈጸመ ወይ፤ ከተሰረዘ ሌላ ቀን ያቀረበው ማን ነው፤ የሚገኘው በቀን ነው ወይስ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ ብቻ። ስንት መልእክት እንደጻፈ፣ ምን ያህል እንዳሳቃችሁ አትጻፉ። የመልእክት ብዛት ምንም አያስከፍለውም፤ ቀጠሮ ግን ጊዜና ታክሲ ያስከፍላል።

አራት ሳምንት የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ሳምንት ማንም ሰው ሊያምርበትም ሊከፋበትም ይችላል። አራት ሳምንት ግን የደመወዝ ቀንን፣ ሥራ የበዛበትንና ያልበዛበትን ሳምንት፣ አራት ቅዳሜና እሑድን ይይዛል፤ ሞቅ ቀዝቀዝ የሚል ሰው ዙሩን ቢያንስ አንዴ ያሳያል።

አነባበቡ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው የስረዛው ዓምድ ነው። "ዛሬ አልቻልኩም፣ ረቡዕ ከሥራ በኋላ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይመችሻል?" ብሎ የሰረዘ ሰው ቀጠሮ አላፈረሰም፣ አዛወረ። "ይቅርታ፣ ሌላ ጊዜ" ብሎ ያቆመ ሰው ግን ቀጠሮውን እናንተ እንድትሸከሙት ትቶታል። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ያለ ምትክ ቀን ከሰረዘ፣ ሦስተኛውን እናንተ አታዘጋጁ። "አንድ ቀን ቡና እንጠጣ"፣ "እንገናኛለን"፣ "እደውልልሻለሁ" የሚሉት ቀን ስለሌላቸው በመዝገቡ ላይ ቀጠሮ አይባሉም። የመጀመሩን ነገር በተመለከተ ከአሥር አምስት ስድስቱን አንዳችሁ ብትጀምሩ ደህና ነው፤ ስምንት ዘጠኙ ከእናንተ ከሆነ ግንኙነቱን የያዛችሁት ብቻችሁን ናችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ሴቶች "ቀድመሽ አትደውዪ" እየተባሉ ስላደጉ የጀማሪው ዓምድ ስለ እነሱ እውነቱን ላይናገር ይችላል። ለእነሱ የሚታየው አመላለሳቸው ነው። "ቅዳሜ አይመቸኝም፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እችላለሁ" ያለች ሴት ፈልጋለች። "እናያለን" ብቻ ያለች ግን በአብዛኛው በይሉኝታ እንቢ እያለች ነው። "ስትግደረደር ነው" ብሎ መግፋት አይገባም፤ እንቢታን እንቢታ አድርጎ መውሰድ ግዴታ ነው። የምትፈልግ ሴት በሩ አንዴ ክፍት ሲተውላት የምትመለስበትን መንገድ አታጣም።

ለቤተሰብ አለማስተዋወቅም በእኛ ዘንድ ቀዝቃዛ ምልክት ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ ቤተሰብ ፊት መቅረብ ወደ ሽማግሌ የሚጠጋ ከባድ እርምጃ ነው። ጓደኞቹን ግን ተመልከቱ። አምስት ስድስት ወር አብሯችሁ ወጥቶ አንድም ጓደኛው ስማችሁን የማያውቅ ከሆነ፣ ሁልጊዜም የምትገናኙት ሲመሽ፣ በመኪና ውስጥና ከሰፈሩ ርቆ ከሆነ፣ ሌላ ሰው ሊኖር ይችላልና በግልጽ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መዝገቡን የሚያበላሹ ነገሮች አሉ። "እስቲ ብጠፋበት ይፈልገኝ ይሆን" ብሎ መፈተን ዋናው ነው፤ እናንተም ስትጠፉ የማን ዝምታ የማንን እንዳመጣ መለየት አይቻልም። ለማስቀናት ከሌላ ሰው ጋር ፎቶ መለጠፍም እንዲሁ ሌላ የተምታታ ምልክት ከመጨመር አያልፍም። የወሬውን ስክሪንሾት ለአራት ጓደኛ መላክ ደግሞ አራት የተለያየ ትርጉም ይዞ ይመለሳል፤ ከጓደኛ ምክር የምትፈልጉ ከሆነ መልእክቶቹን ትታችሁ መዝገቡን አሳዩ።

ለምን እንዲህ ያደርጋሉ?

ምክንያቱ ብዙ ነው፦ ያልወሰነ አለ፣ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ የያዘ አለ፣ ግንኙነቱን ሳይሆን መፈለጉን የሚወድ አለ፣ ከቀድሞ ፍቅሩ ያልወጣ አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሲንዲ ሃዛንና ፊሊፕ ሼቨር እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ባስተዋወቁት አመለካከት፣ በልጅነት ከአሳዳጊ ጋር የነበረ ትስስር በአዋቂነት ፍቅር ላይ ይንጸባረቃል፤ መቀራረብ ሲጀመር የሚጨንቃቸውና ወደ ኋላ የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ እውነት ነው፣ ግን ለሰው ምርመራ እየሰጡ ለመጠበቅ ሰበብ አይሁን። ፈርቶ የሚርቅም ሆነ ሰልችቶት የሚርቅ ሰው ቅዳሜ አለመምጣቱ አንድ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ስትጠይቁት ነው።

አንድ ጊዜ፣ በግልጽ መጠየቅ

በአካል ወይም በድምፅ ይሁን፣ በቀን ይሁን፣ ሲሞቅ እንጂ በጠፋበት ማግሥት አይሁን። ሌሊት የተጻፈ ረጅም መልእክት ጥያቄውን ወደ ክስ ይለውጠዋል፤ መልሱም "ለምን ታካብጃለሽ?" ይሆናል። ያየነው ይሠራል የምንለው ቅርጽ ይህን ይመስላል፦

"ከአንተ ጋር ማውራት ደስ ይለኛል። አንድ ሳምንት በየቀኑ እናወራለን፣ ቀጥሎ ሁለት ሳምንት እንጠፋፋለን፤ ይህ ለእኔ ይከብደኛል። እኔ ወደ ቁም ነገር የሚሄድ ግንኙነት ነው የምፈልገው። አንተስ ምንድን ነው የምትፈልገው?"

መጀመሪያ መልካሙ ይነገራል፤ ሁለተኛው የታየ ነገር እንጂ ስም መስጠት አይደለም፣ "አታከብረኝም" አልተባለም፤ ሦስተኛው የራስን ፍላጎት አስቀድሞ ስለሚያስቀምጥ ሌላው ሰው ወጥመድ ውስጥ የገባ አይመስለውም። ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ሲከብድ "ካልተመቸህ ተወው" ብሎ ራስን መመለስ የተለመደ ነው፤ ጥያቄውን ራሳችሁ አትውሰዱት።

"አሁን ለግንኙነት ዝግጁ አይደለሁም" ካለ በቀጥታው ውሰዱት፤ "ከእኔ ጋር ሲሆን ይለወጣል" ተብሎ የሚተረጎም አይደለም። "እስቲ እንየው" ካለ እስከ መቼ በሉ፤ ለራሳችሁም ሦስት ሳምንት ወስኑ። ጥያቄውን ወደ እናንተ መልሶ ጠባያችሁን መተቸት ከጀመረ፣ ያ መልስ ነው። "ልክ ነሽ፣ እኔም ቁም ነገር ነው የምፈልገው" ካለ ደግሞ ደስ ይበላችሁ፣ መዝገቡን ግን አትዝጉ። ከእንዲህ ያለ ንግግር በኋላ የመጀመሪያው ሳምንት ለሁሉም ሰው ጥሩ ነው። ለውጡ የሚለካው በሦስተኛው ሳምንት ነው።

በመሐል ገንዘብና ወረቀት ሲገባ

ከውጭ አገር የሚመጣ "ፕሮሰስ ጀምሬልሻለሁ" የሚል ቃል ብዙ እህቶችንና ወንድሞችን ለዓመታት አስቀምጧል። ይህ ከሌሎች ተስፋዎች የሚለየው ሊጣራ የሚችል በመሆኑ ነው። በአሜሪካ የእጮኛ ቪዛ የሚያመለክተው ዜጋ የሆነው ወገን ነው። ሁለቱም ከማመልከቻው በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ በአካል የተገናኙ መሆን አለባቸው፤ ከዚህ ነጻ የሚደረጉት በልዩ ሁኔታ ብቻ ነው። ማመልከቻው ሲገባ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በሦስት ፊደል ጀምሮ አሥር አኃዝ የሚከተለው የደረሰኝ ቁጥር ይሰጣል፤ በዚያ ቁጥር የጉዳዩ ሁኔታ በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ይታያል። አስገብቻለሁ የሚል ሰው ቁጥሩን ለማሳየት ምክንያት የሚደረድር ከሆነ፣ በአካል ተገናኝታችሁም የማታውቁ ከሆነ፣ ሂደቱ መጀመሩን አትመኑ።

ሙቀቱ የሚመለሰው ገንዘብ በሚያስፈልግበት ሰሞን ብቻ ከሆነም መዝገቡ ያሳያችኋል። በመዝገቡ ላይ ዓምድ ጨምሩና ገንዘብ የተጠየቀበትን ቀን ጻፉ። የይለፍ ቃል ወይም የገላ ፎቶ የሚጠይቅ፣ እንቢ ሲባል የሚጠፋና ሲላክለት የሚሞቅ ሰው ጋር ሲሆን ግን አራት ሳምንት መቆጠር የለበትም። አትላኩ፤ አስቀድማችሁ ልካችሁ ከሆነና ማስፈራራት ከጀመረ መልእክቶቹን ሳታጠፉ አስቀምጡ፣ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፣ ለፖሊስ አመልክቱ። ገንዘብ መክፈል ማስፈራራቱን አያስቆመውም፤ እንደሚከፈል ያየ ሰው ደግሞ ይጠይቃል።

ምልክቱን የምታምታቱት እናንተ ከሆናችሁ

ይህን የሚያነብ ሰው ሁሉ የሚጠብቅ ወገን አይደለም። ቀኑን ሥራ ስትይዙ ረስታችሁ፣ ሌሊት ብቸኝነት ሲመጣ የምትጽፉለት ሰው ካለ፣ ያ ሰው እዚያ ማዶ ጭረት እየቆጠረ ሊሆን ይችላል። ያልወሰናችሁ መሆኑ ነውር አይደለም፤ አለመናገሩ ነው የሚጎዳው። "ደስ ትይኛለሽ፣ ግን ገና አልወሰንኩም፤ እስክወስን ድረስ በየቀኑ አንደዋወል" ማለት ይቻላል። ካልፈለጋችሁ ደግሞ፦ "ጥሩ ሰው ነሽ፣ እኔ ግን በፍቅር መቀጠል አልፈልግም። ዝም ብዬ ከምጠፋብሽ ብነግርሽ ይሻላል ብዬ ነው።" ይህን ከላካችሁ በኋላ ለማጽናናት ብላችሁ በሳምንቱ "እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ?" ብላችሁ አትጻፉ፤ ስቶሪዋንም ቢያንስ ለአንድ ሁለት ወር ከዕይታችሁ ደብቁት።